ኩንታል የሚሸከም ወይራ

አናጢ ክንዱ ግራኝ ሆኖ አልተወለደም። ባሕር ዳር ውስጥ ከጣና ዳር ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በዚያች ጠባብ መሥሪያው ሲጠርብ ያየው እንግዳ ግን ሁሉ ግራኝ ይለው ነበር። የመጥረቢያው ዛቢያ ለግራ እጅ የተበጀ፣ የመሮዎቹ እጀታ ለግራ መዳፍ የተሞረደ፣ የመጋዙ መያዣ ሳይቀር ተፈትቶ ዞሮ የተገጠመ ነው። ቀኝ እጁ ከኮቱ ኪስ አትወጣም። ብትወጣም ጣቶቿ አይዘረጉም። የጠየቀውን ሁሉ «ሞርሳ ያዘኝ» ይለዋል። ሞርሳ ከመሥሪያ ጠረጴዛ ጋር ታስሮ እንጨት ጠርቅሞ የሚይዝ የብረት መንጋጋ ነው፤ መዘወሪያውን ባዞሩት ቁጥር ይጠብቃል። ክንዱ አልዋሸም። መዘወሪያውን ማን እንዳዞረው ብቻ ነው የማይናገረው። እሱ ካልተናገረ እኛ እንናገረው።

ክንዱ ዱላ ያሳደገው ሰው ነው። አባቱ በቆላ ድባ በኩል ያለ ደብር መሪጌታ ነበሩ። ልጃቸው ዜማ እንዲማርላቸው ተመኙ፤ ልጃቸው ግን ከዜማው ይልቅ መቋሚያውን ወደደ። ተማሪው ሁሉ ሲቀጽል እሱ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ በቢላዋ መቋሚያ ይጠርባል። አባቱም ይገርፉታል። ገርፈው ገርፈው አንድ ቀን የጠረበውን መቋሚያ አነሡና ብብታቸው ሥር አስገብተው ተደገፉት፤ ልክ ሆነላቸው። ከዚያ ወዲያ አልገረፉትም፤ ባሕር ዳር ላለ አናጢ ሰጡት። አናጢው ደግሞ በተራው ገረፈው። በዚያ ዘመን ሙያ እንዲህ ነበር የሚገባ፣ በቆዳ በኩል።

በዱላም ይግባ በፍቅር፣ የገባው ነገር ከእጁ አልወጣም። ክንዱ መሣሪያ ሲገዛ በዓይኑ አይገዛም። ወደ ሙሔ ሱቅ ይሄዳል። ሙሔ የወረታ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ብረታ ብረት ይሸጣል፤ ከክንዱም ጋር ሃይማኖት እንጂ ሌላ ነገር አይለያቸውም። ክንዱ መጋዙን በአንድ ጣቱ አንጠልጥሎ በጥፍሩ ይመታዋል፤ ድምፁ ካልረዘመ ይመልሰዋል። መሮውን ጫፉ ላይ በሞረድ ይነካዋል፤ ሞረዱ ቶሎ ከበላው ልል ነው፣ ጨርሶ ከተንሸራተተበት ተሰባሪ ነው፤ ትንሽ አስቸግሮ የሚበላውን ይፈልጋል። መላጊያ ሲሆን ደግሞ ሱቁን ለቅቆ ፀሐይ ላይ ይወጣና ሆዱ ቀጥ ማለቱን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። ሙሔ ከመደርደሪያው ወዲያ ሆኖ ይስቃል።

«ብረት ነው የምትገዛ ወይስ ሚስት ነው የምታጭ?»

«ሚስቴን እንኳ እንዲህ አልመረጥሁም።»

«እሷም እንዲህ ብትመርጥ አንተን አታገባም ነበር» ይለዋል ሙሔ። ክንዱም ስቆ፣ ሦስቱን መልሶ አንዱን ይዞ ይሄዳል።

እጀታ ግን ከሙሔም ከማንም አይገዛም። ብረት ይገዛል፣ እጀታ ከገዛ እጅ ይለካል ባይ ነው። ለእጀታ ወይራ ይወዳል። ወይራውን ከዘጌ በታንኳ ያስመጣል፤ በበጋ የተቆረጠ፣ ጉጥ የሌለበት፣ ክሩ ሳይጠመዘዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሮጥ። እንዳይሰነጠቅ ሁለቱን ጫፎች በእበት ለቅልቆ ጥላ ውስጥ ያከርመዋል። መሮዎቹን ከዓባይ ድልድይ ሥር ባመጣው ጥቁር ድንጋይ ላይ ውኃ እያስነካ ይስላል፤ መሳላቸውንም የእጁን ፀጉር ላጭቶ ያረጋግጣል። የጣና እርጥበት ብረት ስለሚበላ ሥራ ሲያበቃ ሁሉንም በኑግ ዘይት በራሰ ጨርቅ አሽቶ ይጠቀልላል። መላጊያ ደግሞ በጎኑ ይተኛል እንጂ በሆዱ አይተኛም፤ በሆዱ ያስተኙት እንደሆነ ስለቱ ጠረጴዛውን ነክሶ ይደንዛል። በዚህ ቀልድ አያውቅም።

ቀልድ አለማወቁ ነው መርስዔ ኀዘንን ያስመታው። መርስዔ ኀዘን ከእንፍራንዝ የመጣ፣ ለቅስና ተልኮ መንገድ ላይ ሐሳቡን የለወጠ ጎልማሳ ነበር። ከክንዱ ዘንድ ዓመት ያህል ሠራ። እጁ አይከፋም። ግን መላጊያውን በሆዱ ያስተኛል። ተነገረው፤ ደግሞ ተነገረው፤ አንድ ቀን ክንዱ ቁራጭ ጣውላ አንሥቶ ደንበኞች እያዩት ጆሮ ግንዱን አለው። ደሙ አንገቱ ላይ ወረደ። መርስዔ ኀዘን ደሙን በእጅጌው ጠረገ፣ ቆመው የሚያዩትን አንድ በአንድ አያቸው፣ ሽርጡን ፈትቶ ወጣ። ክንዱ እንደተመታው ነው የመታው፤ ክፉ የሠራ አልመሰለውም። አገርነሽ፣ ሚስቱ፣ «ሰው ፊት ባትመታው ምን ነበረበት» ብትለው «መሮ ሰው ፊት አይሳልም እንዴ?» አላት። እንዲህ ያለ ደረቅ ሰው ነበር።

ከዚያ ደርግ መጣ፤ ደርግ በመጣ በአራተኛው ዓመት ደግሞ ቀይ ሽብር ባሕር ዳር ገባ። በማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን የወጣ ሰው መንገድ ዳር ሬሳ ያገኛል፤ ክሱ ደረቱ ላይ ተጽፎ ተለጥፎበት። እናት የወለደችውን አይታ እንዳላየች አልፋ እንድትሄድ ነው የሚጠበቅባት፤ ያለቀሰች ከሬሳው አጠገብ ትቀመጣለች፣ ያነሣች ትገረፋለች። ተኩስ ሲሰማ ሰው መስኮት ይዘጋል እንጂ አይከፍትም። ክንዱም ዘግቶ ይልግ ነበር።

መርስዔ ኀዘን የተመለሰው በዚያ ጊዜ ነው። ካኪ ለብሷል፤ ትከሻው ላይ ጠመንጃ አለ፤ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ኃላፊ ሆኗል። በሩ ላይ ሲቆም ክንዱን ያ ጣውላ ትዝ አለው።

«ጋሼ ክንዱ፣ እንደምን አሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ እንደምን ሰንብተሃል?»

«አብዮቱ ይመስገን። አንድ አግዳሚ እንዲሠሩልን ነው የመጣሁት። ውፍረቱ የዘነዘና ያህል ይሁን፤ ርዝመቱ ከሰው ቁመት ትንሽ ይለፍ።»

«ለምን ሥራ?»

«ለቀበሌው ሱቅ። ሚዛን እናንጠለጥልበታለን። ኩንታል ይሸከም።»

የክንዱ ልብ መለስ አለ። የመጣው ለበቀል ሳይሆን ለሥራ ከሆነ ሥራ አይፈራም። እንዲያውም በዚህ ሥራ ያን ምት የሚያስረሳ መሰለው። ከጥላው ውስጥ ለሠርግ አልጋ ያስቀመጠውን ወይራ አወጣ፤ የሞተ ጉጥ የለበትም፣ ክሩ እንደ ጅማት ነው። በመጥረቢያ ጠረበው፣ በፋስ አቀናው፣ በመላጊያ አድበለበለው፣ በጠርሙስ ስባሪ ፋቀው፤ መዳፍ ቢሄድበት ስንጥር አይነካም። ጫፎቹን እንደ መቋሚያ ጠርዛቸውን ገርዞ አለዘባቸው፤ ልማዱ ነው። ከዚያ በሁለት ጠረጴዛ መካከል አጋድሞ ራሱ ተንጠለጠለበት። እግሩን እያወዛወዘ ሲዘል አገርነሽ መጥታ ሳቀች። «ውረድና ሥራህን ሥራ፣ አንተ ሰው፤ ሕፃን ሆንህ?» አለችው። እንጨቱ አልጎበጠም። መርስዔ ኀዘን ሊወስደው መጥቶ መዳፉን አስኬደበትና «እጅዎ ዛሬም እጅ ነው» አለ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት የሚባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ጥቂት ቆይቶ ሙሔ ታሰረ። ሳሙናና ሚስማር ደብቀሃል፣ አሻጥረኛ ነህ ተባለ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ትናንት ሱቁ ደጃፍ ሻይ ሲጠጣ ይውል የነበረው ሁሉ ደም መጣጭ ነጋዴ ሲል ሰነበተ። ክንዱ ብቻ ስሙን በክፉ አላነሣም፤ በደግም ለማንሣት ግን አልደፈረም።

ሙሔ ሲፈታ በፈረስ ጋሪ መጣ። ከጋሪው ሲወርድ በጉልበቱና በእጁ ነው የዳኸው። ክንዱ ደግፎ አስገብቶ ሰጋቱራው ላይ አስቀመጠው። የእግሩ መጠቅለያ ጨርቅ መግልና ደም ጠጥቷል፤ አንዱ አውራ ጣቱ ጥፍር የለውም።

«ክንዱ፣ ያ አግዳሚ ያንተ ነው» አለ ሙሔ።

«የሚዛኑ?»

«ሚዛን የለም።»

ሙሔ እግሩን በእጁ አንሥቶ ሰጋቱራው ላይ አመቻቸና ቀጠለ።

«እጅህን ከጉልበትህ በታች አጋጥመው ያስሩታል። እንጨቱን በጉልበትህና በክንድህ መካከል ያሾልኩና በሁለት ጠረጴዛ መካከል ይሰቅሉሃል። ራስህ ወደ ታች፣ ውስጥ እግርህ ወደ ላይ። ከዚያ ውስጥ እግርህን በጎማ ይገርፉሃል። ስሙንም አውጥተውለታል፣ ወፌ ላላ ይሉታል። አፍህ ውስጥ ጨርቅ ስለሚጎስሩ ጩኸትህን አንተም አትሰማውም።»

«የኔ መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ጫፉ እንደ መቋሚያ ተገርዟል። ስንት ዘመን እጀታህን ሳይ ኖሬ አላውቀውም? ተዘቅዝቄ ሳለሁ ፊት ለፊቴ የነበረው እሱ ነው። ለደቂቃ ዓይኔን አንሥቸ ያንተን እጅ አየሁት።»

«ሙሔ፣ በእናቴ ሞት፣ ለሱቅ ነው ያሉኝ።»

«አውቃለሁ። ልወቅስህ አይደለም የመጣሁት። እኔ ሚስማር ሻጭ ሽማግሌ ነኝ፤ ገርፈው ለቀቁኝ። እዚያ ውስጥ የሚለቀቁት ግን እኔን መሰሎቹ ብቻ ናቸው። የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞችን ስም ሲጠሩ ሰምቻለሁ። ልጅህን ከዚህ አውጣት።»

የክንዱና የአገርነሽ ልጃቸው አንዲት ናት። የብርጓል ትባላለች፤ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ድር ክፍል ትሠራለች፤ አባቷ እንደ መሮው የሳላት፣ ደረቅነቷም የሱው ነው። ያን ዕለት ሐሙሲት ወዳለችው አክስቷ ዘንድ እንድትሄድ ለመናት። «ምን አጠፋሁና ልሽሽ? የሸሸ ጥፋተኛ ነው ይላሉ» አለችው። እናቷ አለቀሰች። በነጋታው በመጀመሪያው አውቶቡስ ትሄዳለች ተባብለው ተስማሙ።

ጎሕ ሲቀድ በሩን በእርግጫ ከፈቱት። የፋብሪካ ጓደኛዋ ተሰቅላ ስትገረፍ ስሟን ጠርታለች። መርስዔ ኀዘን አልገባም፤ አጥሩ በር ላይ ቆሞ ያያል። ሁለት ጥበቃዎች የብርጓልን በፀጉሯ ከመደቡ ጎተቷት። አገርነሽ ልጇ ላይ ተጠመጠመች፤ አንደኛው በሰደፍ አፏን መታትና ጥርሶቿ መሬት ላይ ረገፉ። ክንዱ ይኼኔ መጥረቢያውን ከማዕዘን አንሥቷል። ጥበቃው ዞረና አፈ ሙዙን ደረቱ ላይ ደገነ። ያ ሰውዬ ጣቱን ቢያንቀሳቅስ፣ ክንዱም አንድ እርምጃ ቢራመድ ኖሮ ሁለት ሬሳ ነበር።

«አባየ፣ ተው» አለች የብርጓል። «እማማን ያዝልኝ።»

መጥረቢያውን አወረደ። እስኪሞት ድረስ ካወረደው ነገር ሁሉ ያን ያህል የከበደው የለም። ልጁን እየገፈተሩ ሲወስዷት እሱ የሚስቱን ደም በነጠላ ያብስ ነበር።

ቀበሌው እስረኞቹን በቀድሞ የእህል መጋዘን ነው ያጎረው። ክንዱ ስንቅ ይዞ እየሄደ አጥር ሥር ይቆማል፤ ስንቁን ይቀበሉታል፣ ልጁን አያሳዩትም። በሁለተኛው ቀን በሩ ገርበብ ብሎ ወደ ውስጥ አየ። አግዳሚው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። መካከሉ ጠቁሯል። ወይራ ዘይት ሲጠጣ እንዲህ አይጠቁርም፤ ደም ሲጠጣ ነው። እዚያው ቆሞ ያን እንጨት እያየ አንድ ሐሳብ መጣለት።

መርስዔ ኀዘን ሲወጣ ጠበቀው።

«ልጄ ተጠየቀች?»

«ተራዋ ነገ ነው። ቀድማ ብትናገር ይሻላታል።»

ክንዱ በአናጢ ድምፅ፣ ስለ በርና መስኮት እንደሚያወራ ሁሉ፣ «ያ ወይራ ደርቋል» አለ። «ዘይት ካልጠጣ ይሰነጠቅና እጃችሁ ላይ ይቀራል። ስጡኝና አጠጥቸ ልመልሰው። እኔ ከሠራሁት እንጨት ተሰበረ መባል አልወድም።»

መርስዔ ኀዘን አየውና ፈገግ አለ። ያን ጊዜ የመጣበት ደስታ ግልጽ ነበር፤ ያ በጣውላ የመታው ሰው ልጁ የምትሰቀልበትን እንጨት ሊወለውልለት በእግሩ መጥቷል። «መሣሪያ ማክበርን ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ?» አለው። «ይውሰዱት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመለስ።»

ክንዱ እንጨቱን ተሸክሞ በገበያው መሐል አለፈ። መሥሪያው ገብቶ በሩን ቆለፈ፤ በጣውላዎቹ ክፍተት በሚገባው የቀን ብርሃን ሞርሳው ላይ አሰረው። ከመጋዞቹ ሁሉ ጥርሰ ደቃቁን መረጠ፤ ለመሳቢያ መገጣጠሚያ ብቻ የሚነካውን፣ ሲቆርጥ የፀጉር ያህል ቦታ የሚበላውን። ጥርሱን አንድ በአንድ በሞረድ አነቃው። ከዚያ መካከሉን በሆዱ በኩል ቆረጠ። ወይራው አለቀሰ፤ ደረቅ ወይራ ሲቆረጥ ያፏጫል። ከግማሽ አሳልፎ አቆመ። ሰጋቱራውን በወረቀት ላይ ሰብስቦ ከፈላ ኮላ ጋር ለወሰውና ቁስሉን ሞላው። ሲደርቅ ፋቀው፤ በአጥንት አሸው፤ ዘይት አጠጣው። ጣቱን አስኬደበትና ራሱ የቆረጠውን ራሱ አጣው። በሕይወቱ እንደዚያ ያለ ጥንቃቄ ያለበት ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

አገርነሽ ጥግ ላይ ተቀምጣ ስታይ ቆይታለች። አፏ አብጦ ቃል አይወጣላትም፤ እንደምንም ብላ ጠየቀችው።

«ሲሰበርስ?»

«ይቆማላ። በምን ይሰቅላሉ? እንዲህ ያለ ወይራ በዚህ አገር ያለኝ እኔ ነኝ። ወደኔ ይመጣሉ። እርጥብ ነው እላለሁ፣ ይድረቅ እላለሁ፣ ተጣመመ እላለሁ። እስከዚያ አንድ ነገር ይሆናል።»

«ካላቆሙስ?»

«ያለ መሣሪያ ሥራ አለ እንዴ?» አለ ክንዱ፣ እንደ መናደድ ብሎ።

እንዲህ ያለውን ስሕተት ገበሬ አይሳሳትም፣ ነጋዴም አይሳሳትም፤ አናጢ ነው የሚሳሳተው። ዕድሜውን ሙሉ መጋዙ ከደነዘ ጣውላው የሚቆም፣ እጀታው ከወለቀ ቀኑ የሚባክን ሰው ክፋትም እንዲሁ ትክክለኛውን እንጨት የምትጠብቅ መሰለው። ፀሐይ ሳትጠልቅ እንጨቱን መለሰው።

በማግስቱ ቀትር ላይ መርስዔ ኀዘን ከሁለቱ ጥበቃዎች ጋር መጣ። አግዳሚውን ለሁለት ሆኖ ነው የያዘው። ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸውና የስብራቱን ፊት ወደ ክንዱ አዞረ።

«እዩት እስቲ ባለሙያው። ይኸ ወገን ተቀድዷል፤ ክሩ ወጥቷል፣ የተሰበረ እንጨት ወጉ ነው። ይኸኛው ወገን ግን መስታወት ነው። ኮላ አለበት።» ጥርሰ ደቃቁን መጋዝ ከተሰቀለበት አወረደ። «በዚህ ነው። እኔም የመጋዝ ፈለግ አውቃለሁ።»

ክንዱ አልካደም። በእርሱ ቤት የተማረ ሰው ፊት ስለ እንጨት መዋሸት አይቻልም። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ልጄ ደኅና ናት?»

«ዝም በል!» አለ መርስዔ ኀዘን። እርስዎ ማለቱን በዚያች ቃል ተወ። «ያዙት።»

ጥበቃዎቹ አንገቱን ጨምቀው ጠረጴዛው ላይ ደፉት። መርስዔ ኀዘን ቀኝ እጁን አንሥቶ ጣቶቹን ደረደረና ሞርሳው መንጋጋ ውስጥ አስገባቸው፤ እንጨት ሲታሰር እንደሚደረገው አስተካከላቸው። ከዚያ መዘወሪያውን አዞረ። መጀመሪያ ቆዳው ነጣ። ሲደግም ጥፍሮቹ ሥር ደም ፈነዳ። ሲደግም የትንሿ ጣት አጥንት ተንቋቋ፤ ክንዱ የሰማው ድምፅ የደረቀ ፍልጥ ሲሰነጠቅ የሚሰማውን ነው። ከዚያ ወዲያ የትኛው ጣት እንደሆነ አልለየም። ጮኸ። መንገደኛው ሁሉ ሰማ፤ ሰምቶም አለፈ፤ ማን ይፍረድበት? መርስዔ ኀዘን መዘወሪያውን በመዳፉ አልበቃ ሲለው በመዶሻ መትቶ አጠበቀው። ደሙ በጠረጴዛው ጠርዝ ወርዶ ሰጋቱራው ላይ ተቋጠረ።

«ግራህን ትቸልሃለሁ» አለው ሲጨርስ። «ቀበሌው ወንበር ያስፈልገዋል።»

ሊወጣ ሲል ተመለሰ። መላጊያውን በጎኑ ከተኛበት አነሣና በሆዱ ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስተኛው። ከዚያ ወጡ። አገርነሽ ደርሳ ሞርሳውን ስትፈታ ክንዱን ራሱን ስቶ በእጁ ተንጠልጥሎ ነበር ያገኘችው።

እጁ ሲድን ተጣብቆ ዳነ። ክንዱ ከአልጋ ሲነሣ መጀመሪያ ያደረገው የመጥረቢያውን ዛቢያ ሰብሮ ማውጣት ነው። ለቀኝ እጅ የተበጀ እጀታ ለግራ አይሆንም፤ ጉብጠቱ ሌላ፣ ሚዛኑ ሌላ ነው። ወይራ አወጣና በማያውቀው እጁ፣ ጉልበቱን ሞርሳ አድርጎ፣ አዲስ ዛቢያ ጠረበ። ጠማማ ሆነ። ጣለው። ሌላ ጠረበ። ግራ እጁ ስትቆራረጥ ከረመች፤ ጭኑን በፋስ ሰንጥቆ ሙሔ በክርና በመርፌ የሰፋው ጊዜም ነበር። መሮዎቹን ሁሉ ነቅሎ ዳግም እጀታ አገባላቸው። ይኸን ሁሉ ሲያደርግ የሚያስበው ስለ ሥራ አይደለም። መርስዔ ኀዘንን ነበር የሚያስበው። መጥረቢያውን ሲስል ለዚያ አንገት ይስላል፤ እውነቱ ይኸ ነው። በግራው የሚተማመንበት ቀን ሲደርስ ግን ሰውዬው በራሱ ሰዎች ተይዞ፣ ለሌሎች ባደረገው መንገድ ተደርጎበት፣ የት እንደተጣለ እንኳ የሚያውቅ ጠፋ። ክንዱ ወሬውን ሲሰማ አልተደሰተም፤ እንዲያውም ተናደደ። የሱን ድርሻ ሌላ ሰው የወሰደበት ነበር የመሰለው።

በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ያጽናናው ነበር። እንጨቱ ልጁ በምትጠየቅበት ዕለት ተሰብሯል። ከተሰበረ አልተሰቀለችም፤ ቢሰቅሏትም ጥቂት ነው። ጣቶቼን ሰጥቸ የልጄን እግር ገዛሁ ይላል ለራሱ። እጁ በክረምት ሲጠዘጥዘው ይኸን እያሰበ ይተኛል።

የብርጓል የተፈታችው ዓመት አልፎ፣ ሌላው ሊጋመስ ሲል ነው። በሁለት በትር ተደግፋ መጣች። ጉልበቷ ከዚያ ወዲህ አይታጠፍም፣ ወይም ከታጠፈ አይዘረጋም፤ ከጉልበቷ ጀርባ ያለው ሥጋ ተበልቶ ጠባሳው ገመድ ሠርቷል። እናቷ ስታጥባት ያየችውን አየችና ለክንዱ አልነገረችውም።

አንድ ከሰዓት የብርጓል ወደ መሥሪያው መጥታ ግንድ ላይ ተቀመጠች። አባቷ ለበትሮቿ የተሻለ መያዣ ይጠርብላት ነበር። እጁን አየችው።

«አባየ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«ሞርሳ ያዘኝ።»

«ውይ» አለች። የጠረበውን መያዣ ተቀብላ በመዳፏ አሻሸችው። «ወይራ ነው?»

«ወይራ ነው።»

«እዚያም ወይራ ነበር፣ መጀመሪያ። ዓይኔን በጨርቅ አስረውኝ ስለነበር አላየሁትም፤ ከሽታው ግን አወቅሁት። ለሁለት ቀን የሰቀሉኝ በእሱ ነው።»

የክንዱ ግራ እጅ ቆመች። «ለሁለት ቀን?»

«ከያዙኝ ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ተራ አልጠበቁልኝም። በኋላ ዘይት ዘይት እየሸተተ መጣ። ያን ዕለት ገና ሲሰቅሉኝ ተሰበረና በጀርባየ ወደቅሁ። ደስ አለኝ፣ አባየ፤ አበቃ ብየ። የለኮሱትን ሲጋራ እንኳ ሳይጨርሱ የውኃ ቧንቧ ብረት አመጡ። ጫፉ ጥርስ አለው፣ ወገቡ ዝጓል። ጉልበቴን እንዲህ ያደረገው እሱ ነው። እስከ መጨረሻው በእሱ ሆነ።» መያዣውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «እንጨቱ ይሻል ነበር። ከጉልበቴ ሥር ሲገባ ስንጥር እንኳ አልነበረበትም፣ ልስልስ ያለ ነበር። ብረቱ ላይ ሆኘ ያን እንጨት እመኝ ነበር። የሠራውን ሰው እጁ ይባረክ እል ነበር።»

ሰው ሲመረቅ አሜን ይባላል። ክንዱ አፉ አልከፈት አለው። በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ የነበረችው አገርነሽ ናት አሜን ያለችው።